አክስቴን ከፍል ውሃዎ ስላስወጡልኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ የጃፓን ፍል ውሃ መታጠቢያ ቤት ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደ ገንዳዎ ውሃ በልኩ የሞቀ፣ ቀንዎም ግድግዳው ላይ እንደለጠፉት ትእዛዝ ጸጥ ያለ ይሁንልዎ። ሔራን እባላለሁ፤ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ስሆን ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው። ቤትዎ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ስለማያስገባ፣ ቅዳሜ ማለዳ አክስቴ የወይንሐረግ ስትታጠብ እኔ መግቢያው ላይ ከጫማዎቹ አጠገብ ተቀምጬ እጠብቃት ነበር። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ከጫማዎቹ ለይተው ላያስታውሱኝ ይችላሉ።

አክስቴ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ስለምትውል ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት ነበር። በእርስዎ ውሃ ሦስት ቅዳሜ ተነክራ የቤታችንን ደረጃ ሳትደገፍ ወጣች። ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ያዳናትን ውሃ ጠበል ነው ብላ አመነች። በኢሜይሌ ስለላኩልኝ የእገዳ ደብዳቤም በየተራ ላመስግንዎ።

፩. በአራተኛው ቅዳሜ ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች ገንዳው ውስጥ መግባቷ እውነት ነው። ልብስ ክልክል መሆኑ በሦስት ቋንቋ ተጽፏል፤ አንዱም የእሷ አለመሆኑ የእሷ ጥፋት ነው።

፪. «በስመ አብ» እያለች ሦስት ጊዜ በመጥለቋ ጸጥታ ደፍርሷል። አጠገቧ የነበሩት አሜሪካዊት አሮጊት አብረዋት ማማተባቸውን ግን ደብዳቤው ላይ አላገኘሁትም።

፫. ለጎረቤታችን ለጋሽ ኪራኮስ አንድ ጋሎን መቅዳቷን «ስርቆት» ብለውታል። ሰው የታጠበበትን ውሃ የሚሰርቅ ሌባ ስላገኙ እንኳን ደስ አለዎ። ጋሽ ኪራኮስ እንዳይጠጡት እኔ ፓርኪንጉ ላይ ደፍቼዋለሁ።

የዚያን ዕለት ሠራተኛዎ ዳግመኛ እንዳትመጣ ለአክስቴ እንድነግራት አዘዘችኝ። አክስቴ ፀጉሯን እየጨመቀች «ምን አለችሽ፣ የኔ እናት?» ስትለኝ፣ ቧንቧው ተበላሽቶ ለጥገና ሊዘጋ ነው አልኳት። ይኸው አምስት ቅዳሜ ሙሉ «እስቲ ደውዪላቸው፣ አልተጠገነም?» ትለኛለች። ደረጃውንም እንደገና ግድግዳ እየደገፈች መውጣት ጀምራለች፤ እኔም ከኋላዋ ሆኜ አያታለሁ።

ስለዚህ እገዳውን እንዲያነሡላት በትሕትና እለምናለሁ። ደንብዎን በአማርኛ እኔ እጽፍልዎታለሁ። ውሃው ጠበል እንዳልሆነ፣ እኔም እንደዋሸኋት፣ በራሴ አፍ እነግራታለሁ፤ ይህ ለእኔ ቀላል እንዳልሆነ ግን ይወቁልኝ።

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ድምፄን ሳላሰማ፣ ማንንም ሳላናውጥ፣ ዕድሜዬም እስኪፈቅድልኝ ከበር ውጭ የምቆም አክባሪዎ፣

ሔራን

ከፊርማ በኋላ፦ ጥገናው ስለዘገየባት አክስቴ በቤተ ክርስቲያናችን የሚያገለግለውን የቧንቧ ሠራተኛ፣ ዲያቆን ሲራክን፣ ለምና አስማምታለች። የፊታችን ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ከነመፍቻው ይዛልዎት ትመጣለች፤ ክፍያ አይፈልግም። የተበላሸው ምን እንደሆነ እርስዎ ያሳዩታል።