ሬዲዮውን ለወንድሜ ይመልሱልን፦ ለፖሊስ አዛዥነት ተወዳድራ ከወደቀች ሳጅን

ለተከበሩት የጨዋታ ከተማችን መሥራች፣ ባለቤትና የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንዳለ፣ ወንበርዎ ተመችቶዎት እንደሆነ፣ ኢንተርኔትዎም ሳይቆራረጥ ሰንብቶ እንደሆነ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ የሹመት ማስታወቂያዎን ካነበብኩ ወዲህ ከመናደዴ በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤው በአደባባይ የሚነበብ ስለሆነ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እርስዎ በኮምፒውተር ውስጥ አንድ ከተማ ሠርተዋል፤ እኛ ደግሞ ከየሥራችን ስንመለስ እዚያ ገብተን፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ታክሲ ነጂ፣ አንዱ ዘራፊ ሆነን፣ በገዛ ድምፃችን እየተነጋገርን እንጫወታለን። እኔ ቀን ላውንደሪ ቤት የሰው ኮት ስተኩስ የምውል፣ ሲመሽ የፖሊስ ሳጅን የምሆን ሴት ነኝ። ባልደረቦቼ እትዬ ይሉኛል፤ ዘራፊዎቹ ሳይቀሩ እጅ ወደ ላይ ስላቸው እሺ እትዬ ይላሉ። የአዛዥነቱ ቦታ ክፍት መሆኑን ባወጁ ጊዜ እኔም አመለከትኩ፤ በዚያ ወቅት ስላደረጉልኝ ቸርነት ሁሉ እንደሚከተለው ላመስግንዎት።

አንደኛ፣ ውድድሩ ለሁሉም እኩል ክፍት ነው ስላሉ አመሰግናለሁ። ራእያችንን በዝርዝር እንድንጽፍ ስላዘዙ፣ እኔ ሞኟ ከተንጠለጠሉት ኮቶች ሥር ተቀምጬ ስለ አዲስ ገቢዎች ሥልጠና፣ ስለ እስረኛ አያያዝ፣ መኪና ስለሚያጋጩ ፖሊሶች ሳይቀር ስጽፍ፣ ካውያውን ረስቼው የአንድ ደንበኛ ሱሪ ተቃጠለ። የባለቤትዎ ወንድም፣ አማችዎ፣ ደግሞ «መኪናው ደስ ይለኛል» ብሎ ጻፈ፣ ነጥብ እንኳ አላደረገበትም። መረጡት። አጭር ጽሑፍ እንደሚወዱ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ የሰው ሱሪ ይተርፍ ነበር።

ሁለተኛ፣ ለቃለ መጠይቁ ከልብ አመሰግናለሁ። የጠያቂዎቹ ሰብሳቢ ያው የባለቤትዎ ወንድም ሆኖ ባገኘሁት ጊዜ፣ እሱ ራሱ ተወዳዳሪ መሆኑን በትሕትና አስታወስኩት፤ እሱም ራሱን ጠይቆ እንደጨረሰና እንዳለፈ ነገረኝ። ያም ይሁን፤ የአዛዥነቱን ኮከብ ደረቱ ላይ ለጥፎ ነበር የሚጠይቀኝ። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ይባል የለም እንዴ? እኔ ከክፍሉ እስክወጣ ድረስ ኮከቡን ኪሱ ውስጥ ቢያቆየው ምን ነበረበት? ዓይን ያወጣ ነገር!

ሦስተኛውን ማመስገን ግን ከበደኝ፤ እሱን እንዲሁ ልንገርዎት።

የፖሊሳችን ባለ ሬዲዮ ታናሽ ወንድሜ ነበር። እንግዲህ እኔም ዘመድ አለኝ፣ ይኸው በራሴ ላይ መሰከርኩ፤ ነገር ግን ሬዲዮውን የሰጠው የቀድሞው አዛዥ ነው፣ እንዲያውም ወደዚህ ጨዋታ ጎትቶ ያስገባኝ እሱ ወንድሜ ነው። ወንድሜ ሲናገር አንደበቱ ይያዛል። ዳቦ ቤት ከጓሮ ምድጃው ዘንድ የሚሠራውም ከደንበኛ ጋር ላለመነጋገር ነው። ቤት ውስጥ አፉን ሲከፍት እናታችን ትጨርስለታለች፣ እናታችን ካልደረሰች አክስታችን ትጨርስለታለች፤ ውሃ ሊል የጀመረ ሰው ሻይ ይቀርብለታል። በሬዲዮ ግን እኛ ፖሊሶቹ ሳንማከር የያዝነው አንድ ልማድ ነበረን፦ እሱ ሲናገር ሁሉም ጸጥ ይላል፣ ጨረስኩ እስኪል ድረስ ማንም አይገባበትም፣ ማንም አይጨርስለትም። ዘራፊ እያባረርንም፣ ጥይት እየዘነበብንም እንጠብቀዋለን። እሱም ቦታውን፣ የመኪናውን ቀለም፣ የሰዎቹን ብዛት አንዲት ሳያዛንፍ ይነግረን ነበር። ቀስ በቀስ ቤትም መናገር ጀመረ። አንድ ቀን ራት ላይ ቀልድ ነገረን፤ እናታችን እስኪጨርስ ጠብቃ ሳቀች፣ ከዚያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

አዛዥነቱን የፈለግኩት ይህ ልማድ እንዳይነካብን ነበር። መኪናውንማ መንዳትም አልችልበትም።

አማችዎ በተሾመ በመጀመሪያው ምሽት ወንድሜ ስለ አንድ ዝርፊያ መናገር ሲጀምር፣ ገና ከመሐል ሳይደርስ ገብቶበት «ባንኩ ነው፣ ገባኝ» ብሎ መኪናውን ሁሉ ወደ ባንክ አዘመተ። ዝርፊያው ወደብ ላይ ነበር። ባዶ ባንክ ከበን እንደ ጅል ቆመን ሳለ ጥፋተኛው ባለ ሬዲዮው ነው ተባለ፤ ይባስ ብሎ አዛዥ ተብዬው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ የወንድሜን አነጋገር እያስመሰለ ሳቀበት። ቱ! ይቅርታዎን እለምናለሁ፣ የተከበሩ ሆይ፤ ግን ቱ! በማግሥቱ ወንድሜ «በግንኙነት ብቃት ማነስ» ተሰናበተ። በሬዲዮ ከሦስት ሰከንድ በላይ የሚናገር ሰው መስመሩ በራሱ ጊዜ እንዲቆረጥበት መመሪያ ወጣ፤ እርስዎም አጸደቁት። አሁን ወንድሜ ራት ላይ ጨው ሲፈልግ በጣቱ ነው የሚያሳየው። 

አራተኛ፣ አቤት ብዬ ስጽፍልዎ «እትዬ፣ ጨዋታ ነው እኮ፣ አታካብጂው» ብለው ጊዜዎን ሠውተው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ጨዋታ ከሆነ ታዲያ አማችዎን ከወንበሩ ዝቅ ማድረግ ለምን እንዲህ የእውነት ሆነብዎት? በውሸት ከተማ የእውነት አድልዎ መሥራት የቻሉ ሰው እርስዎ ነዎት፤ ያስጠላል እንጂ ችሎታ መሆኑን አልክድም።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሹመቱ ለአማችዎ ይሁንለት፣ መኪናውንም እስኪጠግብ ይንዳው፣ ከፈለገ ከግንብ ጋር ያጋጨው። ሬዲዮውን ለወንድሜ ይመልሱለት፤ ያንን የሦስት ሰከንድ መመሪያም ያንሱልን።

ዘመድዎን ያብዛልዎት፣ የሚሾሙበት ወንበርም አይጥፋዎት እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ፈተናውን የወደቀች፣ ሱሪ ያቃጠለች፣ እስከ ዛሬም ሳጅንዎ የሆነች፣
እትዬ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ አማችዎ ትናንት በዘራፊዎች ተይዞ፣ ጫማውንና ያንን የሚወደውን መኪና ተነጥቆ፣ በሬዲዮ ድረሱልኝ ሲል ማንም ስላልደረሰለት በአድማ ሊከሱን እንዳሰቡ ሰማሁ። አድማ አይደለም። ሁላችንም ሞተር አስነሥተን ያለበትን እስኪነግረን እንጠብቅ ነበር፤ እሱ ግን «እኔ አዛዡ ነኝ፣ ድረሱልኝ፣ ያለሁት» ሲል ሦስት ሰከንዱ ያልቅና ይቆረጥበታል፣ እንደገና «እኔ አዛዡ ነኝ» ብሎ ይጀምራል፣ እንደገና ይቆረጥበታል። እኔ ሳቄ አምልጦኝ ልሰድበው ማይክሮፎኑን ስይዝ፣ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማ የነበረው ወንድሜ እጄን ያዘኝ። አንድ ነገር ሊናገር ፈልጎ ነበርና ጠበቅሁት። ብዙ ቆይቶ፣ «ተይው እትዬ፣ ሰውየው ይጨርስ» አለኝ።