ገልብጬ የለበስኩት ማልያ

ከሎጊያ፣ ከጎሚስታው ቤት

ለልጄ፦

አሰላሙ አለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ? ያ በመጨረሻው ጨዋታ ስትወድቂ ያበጠው ማለቴ ነው። በረዶ ያዙበት ወይስ የክለቡ ሰዎች አሁንም ውሃ እያፈሰሱ «ይሻልሻል» ይሉሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሙቀቱም ደህና ነው፤ ጥሎን የትም አልሄደም። ኮምፕሬሰሩ ብቻ እንደ ሽማግሌ ያስላል፤ ሆኖም ከሱ በፊት የምሞተው እኔ እንደሆንኩ ሹፌሮቹ ተስማምተዋል።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለሽ እንዳትጨነቂ። ማንም አልጻፈልኝም። እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ! ጥፍሬ ውስጥ ያለው ግራሶ ወረቀቱን እዚህም እዚያም ነክቶታል፤ እንደ ማኅተም ቁጠሪው። የማታ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። መምህርታችን ኡሙሀኒ «እንደ እርስዎ ፊደል ቶሎ የገባው ሰው አላየሁም» ብላኛለች። ለሌሎቹም ብላለች የሚሉ አሉ፤ ቅናት ነው።

ለምን ተማርክ ብትይኝ ጥፋቱ የቢሰጥ ነው። ቢሰጥን ታውቂዋለሽ፣ ያ የጅቡቲ መስመር ሹፌር፣ የተሳቢው ጎማ ሁልጊዜ እኔ በር ላይ ሲደርስ የሚተነፍስበት። የቅርጫት ኳስ ሊጉ ተጀምሮ ለመጀመሪያው ዙር ሐዋሳ የሄዳችሁ ጊዜ፣ ስልኩን አውጥቶ ወሬሽን ያነብልኝ ነበር። «ጋሼ፣ ልጅህ ዛሬ አርባ ነጥብ አስቆጠረች!» ይላል። እኔም ለሎጊያ በሙሉ አርባ ብዬ አወራለሁ፤ ለአፌ ሲመቸኝ ሃምሳ የማደርግበት ቀንም አለ። በኋላ አንድ ሌላ ሹፌር ስልኩን አየት አድርጎ «ኧረ አስራ አራት ነው የሚለው» አለኝ። ቢሰጥን አንገቱን ያዝኩት። «ምን ላድርግ ጋሼ፣ ደስ ሲልህ ጎማዬን አጥብቀህ ትሠራልኛለህ» አይለኝም! ከዚያ ወዲህ የልጄን ነገር ማንም አያንብብልኝ፣ እውነቱን ራሴ አያለሁ ብዬ ከመግሪብ በኋላ ደብተር ይዤ መሮጥ ጀመርኩ።

እውነት ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ አይምሰልሽ።

የኳሱን ወሬ የሚጽፉት ሰዎች የማያውቁት ነገር አለ። አንቺን ቅርጫት ኳስ ያስተማረሽ አዋሽ ያለው ትምህርት ቤት አይደለም። ለእረፍት እኔ ጋ ስትመጪ፣ ከአይሱዙ ጎማ ያወጣሁትን የብረት ቀለበት በራፌ ላይ ካለው ምሰሶ ጋር ያስበየድኩልሽ እኔ ነኝ። ክብ ብረት ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። አሠልጣኝሽ አንድ ቀን ጎማ ሊያስነፋ መጥቶ ቀና ብሎ አየውና «ይሄማ ጠባብ ነው፣ ከሕጉ በታች ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ! በጠባቡ የለመደች ልጅ ሰፊው ላይ ምን ታደርጋለች? «አባዬ፣ ሜዳ ላይ ቅርጫቱ እንደ በርሜል አፍ ሰፍቶ ነው የሚታየኝ» ያልሽኝ አንቺው ነሽ። እሱ ደመወዝ የሚበላበትን ነገር እኔ በስህተቴ ሠራሁት። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሳሳት ሌላ ሰው ይምጣ እስቲ!

የሰመራው ክለብ ለሊጉ ሲያስፈርምሽ ማልያ ይዘሽልኝ መጣሽ። ትዝ ይልሻል? «አባዬ፣ እንደ ውጭ አገሮቹ ነው፤ ከጀርባ የአባት ስም ይጻፋል» አልሽኝ። እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ዳበስኳቸው። «ምን ይላል?» አልኩሽ። «ስምህ ነዋ!» አልሽኝ። ስትዪኝ ዓይንሽ ኮምፕሬሰሩ ላይ ነበር። ያኔ፣ ልጅቷ የማሽን ፍቅር አላት፣ ወደ እኔ ነው የሄደችው ብዬ ደስ አለኝ።

የውድድር ዘመኑን በሙሉ ያን ማልያ ለብሼ ጎማ ስፈታ ከረምኩ። የሚቆመውን መኪና ሁሉ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የማስተናግደው። «አንብቡት! ያ ስም ሰመራ ላይ ሦስት ነጥብ ይወረውራል!» እላለሁ። አንድም ሰው አልሳቀብኝም። እዚህ ሁሉም ጋሽ ጎሚስታ ነው የሚለኝ፤ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቅ ከሚሌ ወዲህ የለም። ጀርባዬን ያነበበ ሁሉ ስሙ ይሄ ነው ብሎ ያልፋል። በማን ይፈረዳል?

ታዲያ ኡሙሀኒ አንድ ምሽት «ነገ ሁላችሁም ከቤታችሁ ጽሑፍ ያለበት ነገር አምጡና ክፍል ፊት ታነባላችሁ» አለችን። አንዱ የሳሙና ካርቶን አመጣ። ሐያት፣ እዚያ ሹፌሮች ምሳ የሚበሉበት ቤት ወጥ የምትሠራዋ፣ የዘይት ጀሪካን ተሸክማ መጣች። እኔ ምን እንደያዝኩ አንቺ ታውቂዋለሽ። አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። በሰው ፊት መጀመሪያ የማነበው ነገር የራሴ ስም ይሁን ብዬ ነው። ጣቴን ፊደሉ ላይ አስቀመጥኩ።

አ። ቀጥሎ ብ። ቀጥሎ ዱ።

ልጄ፣ ስሜ በአ አይጀምርም።

ጣቴ መንገዱን ጨረሰ፤ አብዱልሰመድ ይላል። አጎትሽ። የእናትሽ ወንድም። እኔም ቀና ብዬ ደረቴን ነፍቼ የራሴን ስም ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «ጎበዝ» አለች ኡሙሀኒ። ሐያት ግን አንገቷን አስግጋ «መምህርት፣ እኔ እኮ የመጀመሪያው አ ይመስለኛል» አለች። «ሐያት፣ ተቀመጪ» አለቻት። ከዚያ ኡሙሀኒ ወደ ሰሌዳው ዞራ ምንም ሳትጽፍ ቆመች። የማልረሳላት ውለታ እሱ ነው።

እናትሽ ስትሞት፣ አላህ ይዘንላትና፣ አብዱልሰመድ «ልጅቷ አዋሽ ሆቴሌ ውስጥ ትደግ፤ ትምህርት ቤቱ አጥር ለአጥር ነው፤ አንተ መኪና ላይ ሆነህ እንዴት ልታሳድጋት ነው?» ሲለኝ ሰጠሁሽ። ያኔ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ፤ ከጅቡቲ ስመለስ ተመዝግበሽ ጠበቅሽኝ። በማን ስም ብዬ አልጠየቅኩም። አጎቱ ጋ ያደገ ልጅ ሁሉ በአጎቱ ስም እንደሚማር አላጣሁትም። ግን አብዱልሰመድ ሐጅ ያደረገ ሰው ነው፤ በዲናችን ልጅ በወላጅ አባቱ ስም ብቻ እንደሚጠራ ለእሱ እኔ ልነግረው ነው?

የመጨረሻው ዙር ሰመራ ላይ ሲሆን ላልመጣ ነበር። ግን ሹፌሮቹ መኪናቸውን ሎጊያ አቁመው፣ ባጃጅ ተከራይተው፣ በሬ ላይ ቆመው እየጮሁ ምን ልበላቸው? ማልያውን ገልብጬ ለበስኩት። «ጋሼ፣ ገልብጠኸዋል» አለኝ ቢሰጥ። «ዝም በል፣ ለዕድል ነው፤ እዚህ ሊግ ላይ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው» አልኩት። ሞኙ እሱም የራሱን ሸሚዝ ገለበጠ። ከዚያ የቀሩትም ገለበጡ። ቲፎዞው ሁሉ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጎ ሲገባ በር ላይ ያሉት ፖሊሶች ግራ ገብቷቸው ነበር።

አየሽኝ አይደል? ከቤት ያመጣሁትን አሮጌ የጎማ ቸርኬ በጎማ ማውለቂያው ብረት ስቀጠቅጥ፣ የሜዳው ዳኛ ጨዋታ አቁሞ «ያን ሽማግሌ ዝም አስብሉልኝ» ያለው እኔን ነው። ከደጋ የመጡት ልጆች በሙቀቱ ቀልጠው ምላሳቸው ወጥቷል። ፀሐይዋ ገብታ እንኳ ሜዳው ምድጃ ነበር። ጉልበትሽ አብጦ ተነስተሽ ያን የመጨረሻዋን ኳስ ስትለቂያት እኔ ወደ ኳሷ አላየሁም። ብረቱን ሳትነካ እንደምትገባ አውቃለሁ፤ የጠበበውን ቀለበት የማውቀው እኔ ነኝ። ያየሁት ድንኳኑ ስር ወዳሉት የክብር ወንበሮች ነው። ሹማምንቱ ሁሉ ዞረው አብዱልሰመድን እየጨበጡት ነበር። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጅህ አንበሳ ናት!» ነጭ ጀለቢያውን ሰብስቦ ተነሳና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ያምርበታል፤ መቼም አልዋሽም።

ስትወጪ አጥሩ ጋ ጠበቅኩሽ። አሠልጣኝሽ አጠገብሽ ነበር። «እኚህ ባለ ቸርኬው ማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀሽ። ጎማውን የነፋሁለትን ሰው ረሳኝ፤ ይሁን። አንቺ እኔን አየሽ፣ ከኋላዬ የቆመውን አብዱልሰመድን አየሽ፣ ከዚያ «የሎጊያው አጎቴ ናቸው» አልሽው። እኔም ቶሎ ብዬ እጄን ዘርግቼ «አዎ፣ የሎጊያው አጎቷ ነኝ» አልኩት። ፈጣን ነኝ፤ ኳስ ብጫወት ኖሮ ከአንቺ እበልጥ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ አብዱልሰመድ በሬ ላይ መጣ። ጎማው ደህና ነበር። ለብሔራዊ ቡድን እንደተመረጥሽ ነገረኝ። ደስታዬን ላሳየው አልፈለግኩም፤ ኮምፕሬሰሩን ከፍቼ በድምፁ ውስጥ ሳቅኩ። ከዚያ ጉዳዩን አወጣው። ለውጭ ጉዞ ፓስፖርት ያስፈልጋል፣ የትምህርት ወረቀትሽ በእሱ ስም ነው፣ ስለዚህ ገና አሥራ ስምንት ሳይሞላሽ ፍርድ ቤት ቀርቤ በጉዲፈቻ ለእሱ መስጠቴን ማረጋገጥ አለብኝ። «ወረቀቷን በእኔ ስም አስተካክሉላት» አልኩት። «ዓመት ይፈጃል፤ ቡድኑ አይጠብቃትም» አለኝ። «ወረቀት ብቻ እኮ ነው ወንድሜ። አላህ ዘንድ ያንተው ናት» ብሎ ጨመረ። ወረቀት ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ «ወረቀት ብቻ» የሚለኝን ሰው እፈራለሁ።

ወደ አዋሽ ፍርድ ቤት የወሰደኝ ቢሰጥ ነው። ነገሩን መንገድ ላይ አጫወትኩት። ማልያውን ለምን እንደገለበጥኩ ሲገባው መሪውን በእጁ መታና «ሁላችንንም አስገለበጥከን እኮ!» አለኝ። ገዋኔ ቆመን ሻይ ስንጠጣ «ጋሼ፣ አትፈርም። መብትህ ነው። አባት አይደለህ?» አለኝ። «ባልፈርም ምን ታደርጋለች?» አልኩት። «ሌላ ጊዜ ትሄዳለች» አለኝ። ቢሰጥ እኮ አሥራ አራቱን አርባ የሚያደርግ ሰው ነው።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት። ቸኩላለች፤ ማራገቢያው ወረቀቷን ይበትንባታል። በፈቃዴ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ ልጅቷስ ምን ትላለች አልኳት። «ባለፈው ሳምንት ቀርባ ቃሏን ሰጥታለች። ያሳደገኝ እሱ ነው ብላለች» አለችኝ።

እውነት ነው አልኩ። ውሸት አልተናገርሽም። እኔም በአላህ ቤትም ሆነ በዳኛ ፊት ሐሰተኛ የምትባል ልጅ አልወለድኩም።

ጸሐፊው የጣት አሻራ ቀለሙን ወደ እኔ ገፋው። አብዱልሰመድም ሊረዳኝ ብሎ አውራ ጣቴን ያዘ። «ተወኝ፣ እጽፋለሁ» አልኩት። ደነገጠ። «አንተ? መቼ ተማርክ?» አለኝ። «ሊጉ ሲካሄድ» አልኩት። እስክርቢቶውን ተቀብዬ ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩ። ከክፍል ውጭ ስሜን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ኡሙሀኒ ስም ሲጻፍ ፊደሉ ከመስመሩ አይውረድ ትላለች። አልወረደም። ጸሐፊው ራሱ «እንዴት ያለ የእጅ ጽሑፍ ነው!» ብሏል፤ ካላመንሽ ሄደሽ ጠይቂው።

ማልያውን አጥቤ በቢሰጥ እጅ ልኬልሻለሁ። ለባለስሙ ስጪልኝ። ሆዱ ጋ ትንሽ ይይዘው ይሆናል እንጂ ልኩ ነው። ቀለበቱ ግን ከምሰሶው አልወረደም። ሐያት «አውርደህ ሽጠው» ትለኛለች። አልሸጠውም። እሱ ላይ የማንም ስም የለበትም።

አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ። አየር ላይም መሬት ላይም እሱ ይጠብቅሽ። ጉልበትሽን አፊያ ያድርግልሽ፤ በረዶ ያዢበት፣ ውሃ ዋጋ የለውም። የምትወረውሪው ሁሉ ብረት ሳይነካ ይግባ። ባሕር ማዶ ስምሽን ሲጠሩ ቀና ብለሽ ተነሺ፤ የተጠራው ሁሉ ያንቺ ነው። መልስ ካመቸሽ ጻፊልኝ። ማንም አያነብልኝም፤ እኔው አነበዋለሁ።

ደብዳቤ ሲያልቅ የጻፈው ሰው ለሚቀበለው ምኑ እንደሆነ ከታች ይሰፍራል ብላ ኡሙሀኒ አስተምራናለች። እኔም ተምሬያለሁ።

የሎጊያው አጎትሽ