የችኩል እግር

ጥቅምት 3

ዛሬም ሥራ በዛ። ሰው ሁሉ ጥርሱን ያወለቀው በአንድ ሳምንት ነው እንዴ? ጀሶው ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ ሽማግሌ መስያለሁ።

ማታ ሻንጣ ሳዘጋጅ እህቴ በር ላይ ቆማ ሳቀች። "ዓመቱን ሙሉ የሰው ጥርስ ስትሠሪ ትከርሚና ለእረፍትሽ ደግሞ ጥርሱን የሚያሳይሽ አውሬ ፍለጋ!" ምን ልበላት... እውነቷን ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የሚገባው የጥርስ ማጽጃው ክር ነው። አረንጓዴ፣ በሰም የተነከረ። ድንኳን ሲቀደድ እሱ፣ ጫማ ሲበጠስ እሱ። ብትጎትተው አይበጠስም። አብሮ አደጌ "እኔም ብቀደድ በዚሁ ትሰፊኛለሽ" እያለ ያሾፍብኛል።

ጥቅምት 9

ፓርኩ ደረስን። ወገቤ ተቆርጧል ግን ማን ያስታውሰዋል! አየናቸው። እመቤት ከሦስት ግልገሎቿ ጋር። በዚህ አካባቢ ዘንድሮ የወለደች አቦሸማኔ እሷ ብቻ ናት። የዱር እንስሳት ጥበቃ ማኅበራችን ሁለት ዓመት የለመነው፣ የተሟገተው ለዚህ ነው።

ትንሿን ችኩል አልናት። እናቷ "ቁጭ በሉ" ያለቻቸው ይመስል ሁለቱ ሣሩ ውስጥ ሲደበቁ እሷ ብድግ ብላ ትሮጣለች። አብሮ አደጌ ካሜራውን ደግኖ ተበሳጨ። "አንዴ እንኳን አትቆምም ይቺ!" ወርዶ ሊጠጋ በሩን ሲከፍት እጁን ያዝኩት። ከመኪና አንወርድም። ሕጉን ያወጣነው እኔና እሱ ነን... ማኅበሩ ገና ሁለት ሰው ሳለ።

"እሺ እመቤቴ" አለኝና በሩን ዘጋ።

ጥቅምት 11

ሆዴ። ከትናንት ማታ ጀምሮ መቆም አልቻልኩም። አብሮ አደጌ እንደ እናት ሆነልኝ። ውሃ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ በማንኪያ። "አንቺ ተኚ፤ እኔ ትንሽ ዞር ዞር ብዬ ልምጣ።" ሊወጣ ሲል ተመለሰ። የካሜራው ማንገቻ ተበጥሷል፣ ክርሽን ስጪኝ አለ። ሻንጣው ኪስ ውስጥ ነው አልኩት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጣ። ፊቱ በርቷል። "አገኘኋት! ችኩልን። ብቻዋን፣ ዓይን ለዓይን!" አሳየኝ ብለው እምቢ። ታትሞ ታያለሽ አለ። እንኳን ደስ አለህ ብዬ ተኛሁ። ማንገቻውን ማሰር አለማሰሩን እንኳን አላየሁም።

ጥቅምት 16

ሥራ ገባሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ጋሼ ደወሉ፣ የፓርኩ በር ጠባቂ። "ልጄ፣ ክፉ ወሬ ነው።" እመቤት ሁለቱን ይዛ ቦታ ቀይራለች። አንዷ ወደ ኋላ ቀርታ ጅብ አግኝቷታል።

የትኛዋ እንደሆነች አልጠየቅኩም። ሌላ ማን ልትሆን ትችላለች! ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለአብሮ አደጌ ስነግረው ስልኩን ቶሎ ዘጋው። አዝኖ መሰለኝ።

ኅዳር 20

የፎቶ ትርኢቱ ዛሬ ተከፈተ። ግድግዳውን የሞላችው ችኩል ናት። ሰው ከፊቷ አይነቃነቅም። ለጠባቂዎቹ መኪና እንገዛለን ያሉ ሰዎች ተገኙ። ሰብሳቢያችን፣ ጡረታ የወጡት የሒሳብ አስተማሪ፣ አቅፈውኝ እንባቸው መጣ።

ሰው ሲቀንስ ጠጋ አልኩ። ልሰናበታት ብቻ ነበር... ደረቅ ቢጫ ሣር። የኋላ እግሯ። ከቁርጭምጭሚቷ ወደ ቁጥቋጦው የተወጠረ ቀጭን አረንጓዴ ነገር።

ክው አልኩ። ያንን አረንጓዴ በየቀኑ ጣቴ ላይ እጠቀልለዋለሁ።

ኅዳር 21

አብሮ አደጌ የሚሠራበት ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ቀና አላለም።

"እግሯ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"ሣር ነዋ።"

"ሣሩ ሁሉ ደርቋል። የኔ ክር ነው።"

ማሽኑን አጠፋው። "ለአፍታ ነው ያሰርኳት። አልቆም ስትለኝ ምን ላድርግ? ልፈታት ስል እናቷ ከሩቅ ስትመጣ አየሁ። ደንግጬ ወደ መኪናው ሮጥኩ።"

"ተመልሰህስ?"

"ትበጥሰዋለች ብዬ ነው..."

ያ ክር! እንደማይበጠስ ከሱ በላይ ማን ያውቃል? እናቷ ስትልሳት፣ ስትጠራት፣ በመጨረሻ ትታት ስትሄድ ታየኝ። እሱ ግን መናገር ቀጠለ። አንድ ግልገል ናት አለ። በሷ ፎቶ ስንቱ እንደሚተርፍ አስቢ አለ። "በእናትሽ ሞት፣ ለማንም እንዳትናገሪ።"

እናቴን አንስቶ! ከእናቴ ማዕድ በልቶ ያደገ ሰው...

ኅዳር 24

ብናገር ማኅበሩ ይፈርሳል። መኪናው ይቀራል። ሁለቱን ግልገሎች ማን ይጠብቃቸዋል? ዝም ብልስ... ችኩልን ሁለተኛ ማሰር አይሆንም?

ኅዳር 28

ተናገርኩ። ስብሰባው ላይ፣ ሁሉም እያሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

አብሮ አደጌ በዝግታ ተነሳ። አልተቆጣም። "ላጋልጣት አልፈለግኩም ነበር" አለ። እኔን! "ያሰረቻት እሷ ናት። ተይ ብያት ነበር። ፎቶው በኔ ስም ሲወጣ ጊዜ ተናደደች።" ቀጠለ። "ክሩ የማን ነው? እንዲህ ዓይነት ቋጠሮ የማን እጅ ነው የሚያውቀው?" ሁሉም እጄን አዩ። እኔም አየሁት።

"ያን ቀን ታምሜ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ" አልኩ።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "ማን አይቶሻል፣ ልጄ?"

ማን አየኝ? ውሃ በማንኪያ ያጠጣኝ አየኝ። ዞሬ አየሁት። ዓይኑን አልሰበረም። ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የመጣው።

ከማኅበሩ አስወጡኝ። እጅ ያላወጣ የለም። እሱም አወጣ።

ኅዳር 29

እህቴ ምግብ አቀረበችልኝና "እውነት ግን... አላሰርሻትም?" አለች።

አንቺም!

ጥር 15

ብቻዬን ሄድኩ። በአውቶቡስ። ሻንጣዬ ውስጥ ክር የለም። ከያኔ ወዲህ ለሥራ ካልሆነ አልነካውም።

ጋሼ በሩ ላይ ቆመው አገኙኝ። እንደ ድሮው አልሳቁም። "አታስገቧት ተብሏል፣ ልጄ። ስምሽ ተልኮልናል።"

"እርስዎም አመኑ?"

መሬት መሬት አዩ። "እኔ ተቀጣሪ ነኝ።"

"እሺ፣ ሁለቱስ?"

"አሉ። ማደን መለማመድ ጀምረዋል።" ይቺን ሲሉ ብቻ ፊታቸው ፈታ አለ። ከኋላቸው አዲሱ መኪና ቆሟል። ጥሩ መኪና ነው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ደስ ማለቱ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ።

ከበሩ በላይ ችኩልን በትልቁ ሰቅለዋታል። ከሥሯ የአብሮ አደጌ ስም። ዓይኔ ወዲያው የኋላ እግሯን ፈለገ።

ክሩ የለም። ሣሩ አለ፣ ቁጥቋጦው አለ፣ በመሀላቸው ምንም የለም። ከፎቶው ላይ አጥፍቶታል። እኔ ካሰርኳት፣ ጉዴን ምን አስደበቀው?

"ጋሼ፣ እግሯን ይዩት" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩ። "ምኑን ልይ? ምንም የለውም እኮ።"

አዎ፣ ምንም የለውም። አብሮ አደጌ በመጨረሻ ፈትቷታል... ወረቀት ላይ። የመመለሻው አውቶቡስ እስኪመጣ ከሥሯ ተቀመጥኩ።