በእግራቸው ጭቃ ምክንያት ስለታሰሩት በሬዎቼ

ይድረስ ለክቡር የቡሬ ሹም፤
ግልባጭ ከክቡርነትዎ ጋር ለተካሰሰው የእህልና የበርበሬ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ፤
ሌላው ግልባጭ ማንበብ ለሚችል ሁሉ፣ በማንኩሳ ገበያ ዋርካ ላይ።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎስ፣ ምግብዎስ? የቡሬ ውሃ ተስማማዎት? እኛ የክቡርነትዎ መንግሥት ባሕር ተሻግሮ ከመጣ ወዲህ ለመታመም እንኳ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ሁላችንም ደህና ነን።

እኔ መዝሙረ ዳዊት ደግሜ እርሻ የያዝሁ የማንኩሳ ገበሬ ቢሆነኝ ክንዱ ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ሰኔ ሃያ ቀን 1930 ዓመተ ምሕረት ነው፤ በእናንተ አቆጣጠር ምን እንደሚባል አላውቅም፣ በእኛ ግን በሬ የሌለው ሰው የሚያለቅስበት ወር ነው።

ሥራ ስለሚበዛብዎ ነገሩን ላስታውስዎ። በሰኔ መባቻ የኩባንያው ካሚዮን በርበሬ ጭኖ ሲሄድ ከማንኩሳ በታች፣ በአዲሱ መንገድዎ ላይ፣ እስከ ሆዱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገባ። ነጂውም ጠመንጃውን ደረቴ ላይ ደግፎ በጨዋ ደንብ ስለለመነኝ ቦራና ዳልቻ የሚባሉትን ሁለት በሬዎቼን ጠምጄ አወጣሁለት። ምስጋናውን ገና እየጠበቅሁ ሳለ ኩባንያው መንገዱ ብልሹ ነው ብሎ መንግሥትን ከሰሰ። መንግሥትም በበኩሉ፣ መንገዱ ያለ እንከን መጠናቀቁ ለበላይ ስለተጻፈ ካሚዮን ሊያዝበት አይችልም ሲል መለሰ። ከዚያ ወዲህ ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ በሬዎቼን ለማስረጃነት ስለመረጧቸው አመሰግናለሁ። የኩባንያው ነገረ ፈጅ በእግራቸው ላይ የደረቀው ጭቃ የመንገዱን ብልሹነት ያስረዳል ስላሉ፣ የእርስዎ ነገረ ፈጅ ደግሞ ጭቃው የመንገድ ሳይሆን የእርሻ ነው ብለው ስለተከራከሩ፣ ዳኛው ጭቃው እስኪመረመር ድረስ በሬዎቹ ቡሬ በረት ውስጥ እንዲታሰሩ፣ እንዳይታጠቡ፣ ከሁሉም በላይ ሌላ ጭቃ እንዳይረግጡ አዘዙ። ክቡር ሆይ፣ በሰኔ ጭቃ የማይረግጥ በሬ በእናንተ አገር ምን ይባላል? እኛ ቋንጣ እንለዋለን።

፪ኛ፤ ጭቃ የሚመረምረው ሊቅ ከአስመራ እስኪመጣ ክረምቱ ሊያልፍ እንደሚችል ሳይደብቁ ስላስነገሩኝ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ አልጣሽ ጭቃውን አንድ ጊዜ በጣቷ አሽታ የየት መሬት እንደሆነ ትነግርዎ ነበር፤ ዳሩ ግን ሊቅ አይደለችም፣ ተወልዳ ያደገችበት መሬት ስለሆነ ብቻ ነው የምታውቀው።

፫ኛ፤ የእርስዎ ነገረ ፈጅ በሬዎቹ ካሚዮኑን አልጎተቱም፣ ለክብሩ ከፊት ከፊቱ እየመሩት ነበር ብለው በችሎት ሲናገሩ በሰማሁ ጊዜ፣ ቦራ ለዚህ ማዕረግ መብቃቱን ባለማወቄ አፈርሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰነፍ እያልሁ እሰድበው ነበር። ከእንግዲህ አንቱ እለዋለሁ።

፬ኛ፤ በዚያው ችሎት ስለፈጸምሁት ጥፋት ይቅርታ እለምናለሁ። በአባቶቻችን ሥርዓት ዋስ ያልጠሩ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቋጥሮ ቁራኛ ይሆናሉ፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ እርስ በርሳቸው ስለሚሰለቻቹም ነገሩ ቶሎ ያልቃል። ሁለቱ ነገረ ፈጆች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሲጯጯሁ አንዳቸውም ዋስ አለመጥራታቸውን አስተዋልሁና፣ ዳኛው የረሱትን ላግዝ ብዬ የአንዱን ካፖርት ጫፍ ከሌላው ካፖርት ጫፍ ጋር አጥብቄ ቋጠርሁት። ለባንዲራ ተነሡ ሲባል አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ተራመዱ፤ ሁለቱም ባንድነት ወደቁ። ክርክሩ ከተጀመረ ወዲህ ኩባንያና መንግሥት በአንድ ነገር ሲስማሙ ያን ጊዜ ብቻ አየሁ፣ እሱም እኔ እንድገረፍ ነው። ያስታረቅኋቸው እኔ ነኝና ጅራፉን የሽምግልና ዋጋ አድርጌ ተቀብያለሁ።

ምስጋናው በዚሁ ይብቃና የልቤን ልናገር። ሰኔና ሰኞ ገጥሞብኛል። ማሳዬ ሁለት ጊዜ ታርሶ ሦስተኛው ቀርቶታል፤ ጎረቤት ሁሉ የራሱን ለማድረስ ስለሚሮጥ በሬ የሚያውሰኝ የለም። እኔና አልጣሽ በዶማ እየቆፈርን ነው፣ ጀርባዬ ግን ከጅራፉ ወዲህ አልታጠፍ ብሎኛል። ጤፉ በሐምሌ ካልተዘራ ልጆቼ በጥር ይራባሉ። ተናድጃለሁ። የምትካሰሱት በእኛ መሬት ላይ በተሠራ መንገድና እኛ ባመረትነው በርበሬ ነው፤ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብትረቱ ለእኛ ምን እንደሚተርፈን ግን በችሎቱ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ጭቃውን ከእግራቸው ላይ ፍቀው በከረጢት ይሰሩትና በሬዎቹን ይፍቱልኝ። ጭቃው አይራብም፣ አይጠማም፣ የዘር ወቅትም አያልፍበትም።

እግዚአብሔር ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና አጭር ክርክር ይስጥዎ እያልሁ፣ በሬ ሰጥቶ ጅራፍ የተመለሰለት፣ ጀርባው ቢቆስልም አንደበቱ ደህና የሆነው፣ ለመንግሥትም ለኩባንያም እኩል አገልጋይ፣

ቢሆነኝ ክንዱ
ከማንኩሳ

ማሳሰቢያ፤ ይህን ደብዳቤ ዋርካው ላይ ሳልሰቅለው ሐምሌ ገባ፤ ለመዘግየቴም ምክንያት አለኝ። ባለፈው ማክሰኞ በጠራራ ፀሐይ ቦራና ዳልቻ ደጄ ላይ ቆሙ። እየነዱ ያመጧቸው በረቱን የሚጠብቁት አምስት ዋርድያዎችዎ ናቸው፤ ሁሉም የዚሁ አገር ገበሬ ልጆች ስለሆኑ በዘር ወቅት ታስሮ የሚውል በሬ ማየት አላስቻላቸውም። ጠመንጃዎችዎን ዛፍ ላይ ሰቅለው ማሳዬን አረሱልኝ፣ ጤፉም ተዘርቷል። ጠመንጃዎቹን ተመልሰው አንስተዋል፤ ከአልጣሽ ጋር ተመካክሬ እኔም አንዱን ይዤ አብሬያቸው ጫካ ወጥቻለሁ። ስለ በሬዎቹ ያቀረብሁትን አቤቱታ በክብር ትቻለሁና እንዳይደክሙበት። ሥጋት እንዳይገባዎም ቀኑን አስቀድሜ ላሳውቅዎ፤ ወደ ቡሬ የምንመጣው አዝመራው ከገባ በኋላ ነው፣ እስከዚያ አረም ይዞናል።