ሁለቱ ማጫወቻዎች

ታኅሣሥ 24 ቀን 2000 ዓ.ም.

እህቴ ጽጌ የቪዲዮ ቤቷን አሮጌ ማጫወቻዎች ሸጠች። ደንበኞቿ ማዶ ወደተከፈተው ቪዲዮ ቤት እየሄዱ አልቀውባታል። ገንዘቧ ለአንድ አዲስ ማጫወቻ ብቻ ይበቃል፤ ምርጫውን ከሳተች አቃቂ ያለው ቪዲዮ ቤቷ ይዘጋል። እንድመርጥላት ቃሊቲ፣ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴው ከድር ሱቅ ወሰደችኝ።

ከድር ከዱባይ ያስመጣው ምስላቸው ከድሮው ዲቪዲ እጅግ የጠራ ሁለት ዓይነት ማጫወቻ ነው፤ ብሉሬይና ኤችዲ ዲቪዲ። የአንዱ ዲስክ በሌላው አይሠራም።

«አንደኛው ከገበያ መውጣቱ አይቀርም» አለ።

«የትኛው?» አለች ጽጌ።

«እሱን ባውቅ ሁለቱንም አስመጣ ነበር?»

መጀመሪያ ብሉሬዩን ከፈተ። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ መጣ። የላቡ ጠብታ ግንባሩ ላይ ሲጠራቀም፣ ከዚያም በአንዲት የቅንድብ ፀጉር ላይ ሲንጠለጠል አየሁ። ስንት ዓመት ስለ ሰው ፊት ስጽፍ ኖሬ የሰው ፊት ዛሬ ገና ያየሁ መሰለኝ።

ወደ ኤችዲው ዞረ። ቅጠል ላይ ዝናብ ይወርዳል። ጽጌ ተነሥታ ቴሌቪዥኑን በመዳፏ ዳሰሰች፤ ከዚያ መዳፏን አየች።

«እትዬ ጽጌ፣ አልረጠቡም!» ብሎ ከድር ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። እጄን ልሰድ ስል ነበር የቀደመችኝ።

«እሺ ወንድምዬ፣ የቱን ልውሰድ?»

ዓይኔ ሁለቱን ማበላለጥ አልቻለም። የትኛውንም ብላት ደግሞ ታምነኛለች፤ ብሳሳት ቤቷ ይዘጋል።

«መጣሁ» ብያት ወጣሁ።