ንፋስ ጉድጓድ አይገባም

ማክሰኞ የካቲት 11፣ ከምሳ በኋላ

እማዬ፣ የሆዴ መጽናኛ፣

ጤናሽን ሳልጠይቅ ወደ ነገር መግባቴን ይቅር በይኝ፤ ንፋሱ ተነስቷል። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ወንድምሽ ጋሼ ለፎቅ መሠረት የሚያስቆፍሩት ጉድጓድ አለ። ወንድሜ አሁን እታች ነው፣ ብረት ያስራል።

ጋሼን ይቅርታ ጠይቂ ብለሽኛል። «ፊደል አሰከራት» እንዳሉሽም ሰምቻለሁ። ያልነገሩሽን እኔ ልንገርሽ።

የጉድጓዱን ግድግዳ ደግፈው የያዙትን የብረት ምሰሶዎች ያሰላሁት እኔ ነኝ። የአፈሩን ግፊት አስልቻለሁ፤ በመንገዱ የሚያልፈውን መኪናም አልረሳሁም። ፊርማዬ ንድፉ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ ጋሼ ምሰሶዎቹን ከመሬት በላይ አስቀጠሉና ሁለት ፎቅ የሚያህል የማስታወቂያ ሸራ ወጠሩባቸው። የሚሸጡት ቤት ሥዕል ነው፤ አንዲት ሴት በረንዳ ላይ ቆማ ትስቃለች። ከመንገድ በኩል የመጣ ንፋስ ሸራውን በገፋ ቁጥር የምሰሶው አናት ወደ ጉድጓዱ ያዘነብላል። አፈሩን ብቻውን የሚችል ብረት፣ አፈርና ንፋስ ሲተባበሩበት አይችልም።

ይህንኑ ቢሮ ገብቼ በሰው ፊት ተናገርኩ።

«የኔ ልጅ፣ ንፋስ ጉድጓድ ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል?» አሉ። ፎርማኑ ሳቀ።

«አይገባም ጋሼ። በሸራዎ እጀታ ሰጥተውታል፤ እላይ ቆሞ ምሰሶውን ይነቀንቀዋል።»

«ያስተማርኩሽ እንድታዋርጂኝ ነው?»

በማግስቱ ዘበኛው በር ላይ አስቆመኝ። አፍሮ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ወንድሜን ውጣ ብዬ ለመንኩት። «አንቺ ከሥራ ወጣሽ፤ እኔም ከወጣሁ ንፋሱን ልንበላው ነው?» ብሎ ቀለደብኝ።

ትናንት የእግረኛው መንገድ ከጉድጓዱ አፋፍ ጋር ትይዩ ተሰንጥቆ አየሁ፤ ጣቴ ይገባ ነበር። ዛሬ ጠዋት መዳፌ ገባ። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ተናገርኩ፤ «መጥተን እናያለን» አሉኝ። መቼ ብላቸው ቀና ብሎ ያየኝ የለም።

ሸራው ከታች የታሰረባቸውን ገመዶች በመንገዱ በኩል እደርስባቸዋለሁ። ከታች ከተፈታ ይውለበለባል እንጂ ምሰሶውን እንዲያ አይገፋም። የወጥ ቤቱን ቢላዋ ስያለሁ። ይህን በስልክ ልኬልሽ እወጣለሁ። ዘበኛው ይጮኻል፣ ጋሼ ይደውሉልሻል፣ ፖሊስም ይጠሩ ይሆናል። ንብረቴን ቆራረጠች ካሉሽ እውነታቸውን ነው፤ አትከራከሪያቸው። ይቅርታ ግን አልጠይቅም፤ አንቺም በእኔ ስም እንዳትጠይቂልኝ።

ዕድሜሽ ይርዘም፤ ዓይንሽ ክፉ አይይ፤ ደጅሽ ደግ ወሬ ብቻ ይምጣበት።

ወንድሜ ከሥራ ሲወጣ እንደ ወትሮው ይደውልልሻል። ድምፁን ከሰማሽ በኋላ የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝ። እስከዚያ ግን፣ እማ፣ አትቆጪኝ።

እምቢ ማለትን ከአንቺ የወረሰችው
ልጅሽ