ካፖርት ምድጃ አጠገብ

ሚያዝያ 12፣ ከዳቦ ቤታችን ጓዳ

የኔ ዓለም፣ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን፤ እኔማ ደህና ከመሆንም አልፌ እናትሽን ማስቸገር ጀምሬያለሁ። ትናንት ካፖርቴን አወለቅኩ! እዚያው ምድጃው አጠገብ፣ ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈው ሁሉ እያየ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን «ካፖርት ካፖርቱን ጣለ!» ብሎ ሲጮህ ሰልፈኛው አጨበጨበ። ለካ ሰፈሩ ሁሉ ከኋላዬ «ካፖርት» እያለ ሲጠራኝ ኖሯል። ይሁን፣ ግዴለም።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አንቺ ለትምህርት ከሄድሽ ወዲህ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። ዳቦ ጋጋሪ፣ እሳት ፊት ቆሞ፣ በካፖርት! ሊጡን እያቦካሁ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ፊቴ አብጦ፣ ድምፄ ጎርንኖ፣ የደንበኞቼ ስም ሁሉ ይጠፋኛል። እምብዛም ሳልበላ ወፈርኩ። እናትሽ «አረጀህ በቃ» አለችኝ፣ እኔም አመንኳት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቼ ነበር። ምድጃውን ልሸጥ ገዢ እስከ ማነጋገር ደርሼ ነበር።

በመጨረሻ እናትሽ እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት። አንገቴን ከፊት ለፊት ዳሰስ ዳሰስ አደረገች፣ ደም አስመረመረች፣ ከዚያ «ታይሮይድ የሚባለው ዕጢዎ ሥራ ቀንሷል» አለችኝ።

«እንቅርት የለብኝም እኮ!»

«ሳያብጥም ይለግማል፣ አባባ። ምድጃው ደህና ነው፤ እሳት የሚያነደው ሰውዬ ነው የተኛው።»

በዚህ ቋንቋማ ማን ይብለጠኝ! ዕጢው የሚያመነጨውን ሆርሞን የሚተካ ክኒን አዘዘችልኝ፤ በየማለዳው፣ ምናልባትም ዕድሜ ልኬን።

ዋጥኩ፣ ዋጥኩ፣ ለውጥ የለም። ደሜ ሲመረመር ያው ነው። ሐኪሟ ግራ ገባትና «እንዴት ነው የሚወስዱት?» አለችኝ። «ማለዳ ነዋ! ከምድጃ በወጣችው የመጀመሪያ ዳቦ፣ በወተት አወራርጄ።» ጭንቅላቷን ይዛ ሳቀች። ለካ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ተውጦ ምግብ ሳይነኩ መቆየት ነው፤ ወተቱና ዳቦው ክኒኑ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጉታል። አባትሽ የመጀመሪያዋን ዳቦ ሳይቀምስ ሱቅ ከፍቶ ያውቃል እንዴ? ግን ምን ይደረግ፣ ቅምሻውን ለእናትሽ አስረከብኩ። ቆርሳ አላመጠችና «ጨው ያንሰዋል» አለች፣ «ሁልጊዜም ያንሰው ነበር።» ይኸው ጨው ጨምረን ሰልፉ ከበር አልፏል። እሷማ ጉራዋ አላስቀምጥ ብሎናል።

እኔም ቀስ በቀስ ነቃሁ። የዱቄቱን ጆንያ አሁን ብድግ ነው! ገዢውንም በክብር አሰናበትኩት።

አሁን ወዳንቺ ጉዳይ። በደብዳቤሽ «ትምህርቱ አልገባ ብሎኛል፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፣ ደድቤያለሁ፤ ትቼው መጥቼ ዳቦ ቤቱን ላግዝህ» ብለሻል። አልዋሽሽም፣ እናትሽ ስታነብልኝ ልቤ በደስታ ዘለለ። ክፍልሽን ላጸዳ መጥረጊያ ሁሉ አንስቼ ነበር። ከዚያ የላክሽውን ፎቶ አየሁት። ጓደኞችሽ ሁሉ እጀ ጉርድ ለብሰው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። አንቺ መሃላቸው በካፖርት፣ እስከ አንገትሽ ቆልፈሽ።

መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ።

ልጄ፣ አንቺ ደደብ አይደለሽም። ሐኪሟ ይሄ ነገር በዘር ሊሄድ ይችላል ብላኛለች። ላይሆንም ይችላል፤ ሰው የሚያደክም ነገር ብዙ ነው። ግን ደምሽን ሳታስመረምሪ ትምህርትሽን እንዳታቋርጪ፣ በሞቴ! ሐኪም ፊት ቅረቢና «አባቴ የታይሮይድ ሕመም አለበት» በያቸው። እናትሽ የእኔን ክኒን ልትልክልሽ ጠቅልላ ነበር፤ ሐኪሟ ተቆጣቻት። መጠኑ የሚወሰነው በየሰዉ የደም ምርመራ ነው፣ የሰው ክኒን አይዋጥም።

ክፍልሽን ግን አጽድቼዋለሁ። ለእረፍት ስትመጪ ነው፣ ለሌላ አይደለም።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ይመልስልሽ፣ ያሰብሽውን ያሳካልሽ፣ ተመርቀሽ ያሳየን። እናትሽ ደጋግማ ትስምሻለች።

ምድጃው አጠገብ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ የሚጠብቅሽ፣
አባትሽ